ከጦሳ ሆድ የወጣ አንድ ቃል

የእኔ ሥራ መጠየቅ ነው። ጠዋት ከሰፈሬ ከሆጤ ተነስቼ በኬብል ካር ወደ ጦሳ ተራራ እወጣለሁ፣ ጫማዬን አውልቄ ነጠላ ጫማ አደርጋለሁ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ እላለሁ። ከፊቴ ያለችው ትንሽ መብራት ስትበራ አፌን ወደ ግድግዳው ቀዳዳ አስጠግቼ «እንዴት ነሽ?» እላለሁ። ውስጥ ያለው ወንድ ከሆነ «እንዴት ነህ?» ነው። መልሱን እሰማለሁ፤ በቃ። ባለቤቴ ዘይነብ «ኑርዬ፣ ሰላምታ ለማቅረብም ሰው ይቀጠራል?» እያለች ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ታሾፍብኛለች። ሐቅ አላት። ግን ተራራውን እስከ ሆዱ የቦረቦሩት ለዚያች ጥያቄና ለዚያች መልስ ነው።

ሥራ ባለበት ቀን ደሴ ዝም ትላለች። ከባድ መኪና ከከተማው ውጭ ገራዶ ላይ ይቆማል፣ ሰርግ ወደ ሌላ ሳምንት ይዛወራል፣ በርበሬ የሚወቅጥ አይኖርም። ሙአዚኑም ቄሱም ያለ ድምፅ ማጉያ ይጣራሉ፤ ሽማግሌዎች ይህን በጣም ወደውታል። ልጆች በሹክሹክታ ኳስ ይጫወታሉ፤ ጎል ሲገባ ሁሉም እጁን ብቻ ወደ ላይ ያነሳል። ሐዘን የገባበት ቤት እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለቅሳል። ጦሳ እንዲረጋ ነው። ከተማው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ለመደው፣ አሁን የጸጥታ ቀን ሲቀር ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው።

ተራራው ውስጥ ያለውን ነገር ደሴ ላይ የማያውቅ የለም፤ ለሌላው አገር ሰው ግን ልናገር። ዝጉ ክፍል እንለዋለን። ውስጡ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ እሱን ታዛቢ እንለዋለን። ከታዛቢው ፊት አንዲት የብርሃን ቅንጣት ትለቀቃለች፤ ከዚያች ያነሰ ብርሃን በዓለም ላይ የለም። ቅንጣቷ ግማሹን የሚያሳልፍ ግማሹን የሚመልስ መስታወት ታገኛለች። በአንዱ መንገድ ከሄደች ለታዛቢው ቀይ ይበራለታል፣ በሌላው ከሄደች አረንጓዴ።

ማንም ካላያት ግን አንዱን አትመርጥም፤ በሁለቱም ትሄዳለች። ይህን ስናገር ሰው ያፈጥብኛል፤ ስንት ዓመት ሰምቼው እኔም አልለመድኩትም። በሁለቱም ሄዳ መጨረሻ ላይ ከራሷ ጋር ትገናኛለች፤ ስትገናኝም በነጩ መስኮት ትወጣለች። ሁልጊዜ በነጩ። በየት በኩል እንዳለፈች ያየ ካለ ግን መገናኘቱ ይቀርና እንደ ተወረወረ ሳንቲም አንዴ በነጩ አንዴ በጥቁሩ ትወጣለች። ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል የምንለው እኛ ነን እንጂ፣ እሷ ዘንድ ማየት ራሱ ፍርድ ነው።

ቀሪው ነገር ሰውየው ነው። ታዛቢው ቀይ ወይም አረንጓዴ ካየ በኋላ ክፍሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ይሆናል፤ አምፖሉ፣ አየሩ፣ የሰውየው ዓይን፣ ሐሳቡ፣ ትዝታው። እንዴት እንደሚያደርጉት እኔን አትጠይቁኝ። ታዛቢዎቻችን ማታ ሲወጡ ገና ጠዋት የገቡ ይመስላቸዋል፣ ቁርሳቸው ሆዳቸው ውስጥ አልረጋም። ረመዳን ላይ ያልኖሩት ሰዓት እንደ ጾም ይቆጠርላቸዋል ወይ የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ሼህ ሙሄ ሁለቱንም ወገን ረጋ ብለው አዳመጡና «በረመዳን አትሥሩ» ብለው ገላገሉን።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የሰው ማየት የመጨረሻ ፍርድ ከሆነ፣ ክፍሉ ከተመለሰ በኋላም ቅንጣቷ እንደ ሳንቲሙ ትሆናለች። ሁልጊዜ በነጩ ከወጣች ግን፣ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለው ሰውም እንደ እሷ ሁለቱንም ሆኖ ነበር ማለት ነው። ቀይ ያየና አረንጓዴ ያየ፣ ሁለቱም እውነት፣ ኋላም ተመልሰው አንድ ሰው። በየአገሩ የሞከሩት ሁሉ ያገኙት ሳንቲሙን ነው። ብዙ ምሁር ደስ አለው፤ ተፈጥሮ በሰው ፊት ትታረማለች ተብሎ መጽሐፍ ተጻፈ።

ዶክተር ትርሲት ጎበዜ ናት ያልተቀበለችው። እዚሁ ደሴ ሸዋ በር ተወልዳ ውጭ አገር ያስተማረች ሴት ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷም አጭር። የተበላሸው በማየቱ አይደለም፣ በመልሱ ነው አለች። ታዛቢው በእርግጥ ማየቱ እንዲታወቅ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፣ መልስም ይሰጣል። ከክፍሉ የሚወጣው ያ መልስ ብቻ ነው። መልሱ «አይቻለሁ» ማለት አለበት፣ ምን እንዳየ ግን የፀጉር ስንጣቂ ታህል ማሳበቅ የለበትም። ቀይ ያየው ድምፁ ሰለል ካለ ክፍሉ ተቀደደ ማለት ነው። ድምፅ ቀርቶ ቁልፍ እንዲጫኑ ተደረገ፤ ቀይ ያየ ሰው ጣቱ ትንሽ ትቀድማለች። የሰው ልጅ ያየው ነገር ከአንዱ ቀዳዳ ሳይወጣ አያድርም።

ትርሲት ይህን ስታስብ አገሯ ትዝ አላት። እዚህ ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ሚስቱ መንታ የወለደችለትም «እንዴት ነህ?» ሲባል ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሙ «አልሀምዱሊላህ» ይላል። ያው ቃል በዚያው ድምፅ። ከጡት ጋር ያገኘነው ነገር ነው። ሻንጣዋን ጠቅልላ መጣች። ያኔ ብዙ ሰው ሳቀባት፣ እኔም ሥራ እስካገኝ ድረስ ስቄያለሁ።

ታዛቢዎቿ ሁሉ ጥሩ ናቸው፣ እንደ እትዬ ሐውለት ያለ ግን አልተገኘም። እትዬ ሐውለት ጎረቤቴ ናት። የከተማው መርዶ ነጋሪም ናት፤ ከባድ ሞት ሲደርስ ሽማግሌዎቹ እሷን ይዘው ነው የሚሄዱት። ልጁ ሞቶበት ገና ካልተነገረው ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለ ዝናብና ስለ ገበያ ስትጫወት አይቻለሁ። ጥርጣሬ እንኳ አታስገባበትም። ጨካኝ ሆና አይደለም። ሐዘን ወገን ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ቀርቦ ነው መምጣት ያለበት ብላ ስለምታምን ነው። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።

ሐሙስ ዕለት የራሷ ወንድም ሞተ።

አወል ይባላል። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነው። ቀይ ባሕር ላይ የስልክ ገመድ ከሚዘረጋ መርከብ ጋር ይሠራ ነበር፤ ማዕበል ወሰደው። ወሬው ደሴ የደረሰው እሷ ገበያ በነበረችበት ሰዓት ነው፣ እስክትመለስ ሰፈሩ በሙሉ ፊቱን አስተካክሎ ጠበቃት። ሼህ ሙሄ ማታውን ቤቴ መጡ። ዘመዶቿ ከወረኢሉ ቅዳሜ ማታ ይገባሉ፣ መርዶው እሑድ ንጋት ላይ ይነገራል፣ እስከዚያ አደራ አሉኝ።

ቅዳሜ ደግሞ ትልቁ ሙከራ ነበር፤ ከየአገሩ እንግዳ ተጠርቷል፣ ታዛቢዋም እሷ ናት። ዓርብ ጠዋት ሮጬ ለዶክተር ትርሲት ነገርኳት። ሙከራውን ልሰርዘው አለች፣ ወዲያው ራሷን ነቀነቀች። በመጨረሻው ሰዓት ቀርቷል ብንላት ሐውለት ምን ሆነ ብላ ትጠይቃለች እንዴ? በዚያው ታውቀዋለች። ከቤቷ ደጃፍ ላይ፣ ብቻዋን። ሥራውን ብንቀጥል እንበድላታለን፣ ብናቆም መርዶ ነገርን ማለት ነው። ፈራሁ፣ አፈርኩም። ከሁሉ የከበደኝ የራሴ ድምፅ ነበር። ለወትሮው የሚጠበቀው መልሱ ነው፤ በዚያ ቀን ግን «እንዴት ነሽ?» ስል ጥያቄዬ እንዳያሳብቅብኝ ተጨነቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉም ነበር። እንግዶቹ በነጠላ ጫማ ተደርድረው ቆሙ፣ ትርሲትም ማስረዳት ጀመረች። ይህን ንግግሯን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ በመርዶ ነው የምትጀምረው። አንድ ሰው ሩቅ አገር ሞተ እንበል፣ ትላለች። መንደሩ ያውቃል፣ እናቱ አታውቅም። ለመንደሩ ሞቷል፣ ለእናቱ አለ። ስለ ብርሃኗ የሚከራከሩት ምሁራንም እንደዚህ ተከፍለዋል። አንዳንዶቹ ዓለም ሁለት ትሆናለች፣ በአንዷ ቀይ በአንዷ አረንጓዴ ይታያል ይላሉ። ሌሎቹ ለማን ነው ሳይባል እውነት የሚባል ነገር የለም፣ የመንደሩ ለመንደሩ የእናትየዋ ለእናትየዋ ነው ይላሉ። እውነቱስ አንድ ነው፣ ተደብቆብን ነው እንጂ የሚሉም አሉ። ከዚያ ትርሲት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፦ «በመርዶ ጊዜ እውነቱ አለ፣ እናትየዋ ብቻ አታውቅም። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን የሚታወቀው ነገር ራሱ ገና የለም።» ይህን ብላ ወደ እትዬ ሐውለት ዞራ «አይደለም እንዴ እትዬ?» ትላታለች፤ እትዬ ሐውለትም «አንቺ ካልሽ» ትላለች፣ እንግዳው ይስቃል።

የዚያን ቀን ትርሲት በእግር ኳስ ጀመረች። ጨዋታው አልቋል፣ ውጤቱን ግን ያልሰማ ሰው አለ እንበል አለች። በልቤ ጎበዝ አልኳት። ዞር ብዬ እትዬ ሐውለትን አየኋት፤ ሻሿን እያሰረች ነበር። እጇ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገችና ወደ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ዓመት ሙሉ የምታውቀውን ነገር ጠየቀችኝ።

«ኑርዬ፣ ከዚህ ውስጥ ምንም አይወጣም አይደል?»

«ከመልስሽ በቀር ምንም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ገባች። ተራራው ዝም አለ።

መብራቷ በራች፤ ጠየቅሁ። መልሱ መጣ፦ «አልሀምዱሊላህ»። ክፍሉ ተመለሰ። ነጭ። እንደገና ተጀመረ። ሳንቲምም ቢሆን አንዴ በነጩ ይወድቃል፣ ስለዚህ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ለእሷ ግን ድግግሞሽ የለም፤ ሁልጊዜ ገና መግባቷ ነው። እኔ ስጠይቅ ዋልኩ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ውሃ አመጡልኝ። እሷ በየጊዜው የመጀመሪያዋ ነበር። «እንዴት ነሽ?» «አልሀምዱሊላህ።» ነጭ። «እንዴት ነሽ?» «አልሀምዱሊላህ።» ነጭ።

ከቀትር በፊት እንግዶቹ መንሾካሾክ ተዉ። አንድ ሽበታም ሰውዬ፣ ሰው ሲያይ ተፈጥሮ ትታረማለች ብለው ከጻፉት አንዱ ነው፣ መነጽሩን አውልቆ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ጥቁሩ መስኮት ጨልሞ ዋለ። ያኔ ምን እንደምሰማ ገባኝ። በአንዲት ቀዳዳ የምትመልስልኝ ሴት አንዲት አልነበረችም። አንዷ ቀይ አይታለች፣ አንዷ አረንጓዴ አይታለች፣ ሁለቱም እትዬ ሐውለት ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ጉሮሮ ያመሰግናሉ። ጎረቤቴ ናት፤ ትናንት ጨው የሰጠችን ሴት። ብርሃን የሚሄድበትን መንገድ ሄዳ ትመለሳለች፣ ዓለምም ይህን ያህል ሰፊ ሆና ኖሮ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልነገረችንም። አምላክ ይህን ሁሉ ቦታ ከየት አመጣው አልኩ። ሐዘኑንም ፍርሃቱንም ረሳሁት፤ እንደረሳሁትም ሳስበው እንደገና አፈርኩ።

በሩ ሲከፈት ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። እትዬ ሐውለት ሻሿ እንደታሰረ ወጣችና ግራ በመጋባት ተመለከተችን። «አልጀመራችሁም እንዴ?» አለች።

ትርሲት አቀፈቻት። የጸጥታ ቀን ስለሆነ ማንም አልጮኸም፤ እንግዶቹም እኛም፣ ልጆቹ ጎል ሲገባ እንደሚያደርጉት፣ እጃችንን ወደ ላይ አነሳን። ብዙዎቹ እያለቀሱ ነበር። እሷ ብቻ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

ስንወርድ ኬብል ካሩ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ከታች ከተማዋ ጉም ውስጥ ገብታለች፣ የመናፈሻ ሰፈር መብራቶች ብቻ ይታያሉ። ስለ ነጩ መስኮት ልነግራት ጀምሬ ነበር።

«አወል ነው አይደል?» አለችኝ።

ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ያዝኩት። እንዴት እንደያዝኩት አላህ ያውቃል።

«አብሽር፣ አትመልስልኝ። ያንተ ሥራ መጠየቅ ነው» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ። ትርሲት መርዶውን ስትዘል ነው ያወቅሁት አለች። ያቺ ልጅ ለስንት እንግዳ፣ ፊቴ ቆማ፣ ሳትተው የምትናገረውን ነገር ዛሬ ብቻ ለምን ትተዋለች? አወል ደግሞ ሐሙስ መደወል ነበረበት። ለሰው ብላ የደበቀችው ነገር ነው ያጋለጣት፤ እኔ ብሆንም ይኸው ነው የምሳሳተው አለች።

ቤቷ ገብታ ማልቀስ አትችልም። ሼህ ሙሄ ሳይናገሩ አውቃ ብትገኝ፣ ሽማግሌዎቹንና ከወረኢሉ ድረስ የሚመጡትን ዘመዶች ማሳፈር ይሆናል፤ ይህን ሕግ ለሌላው ስትጠብቅ የኖረችው ራሷ ናት። ስለዚህ በዝጉ ክፍል በር ላይ ቆማ አሰበች። ምንም የማይወጣበት ቤት በዓለም ላይ አንድ አለ፣ እግሯም እዚያው ደጃፍ ላይ ነው።

«እዚያ ውስጥ ላለቅስ ብዬ ነው የገባሁት» አለች። «መልሴን ከመለስኩልህ በኋላ፣ ክፍሉ እስኪመለስ። አልቅሼ ይሆን ኑርዬ?»

ልመልስላት ፈለግሁ። አላውቅም ልላት ነበር፣ እሱም ውሸት ሆነብኝ። የማይታወቅ ነገርማ አንድ ቦታ አለ፣ የሚያውቀው ሰው ይገኛል። ይህ ግን የትም የለም። ቀዩን ያየችው አልቅሳ ይሆናል፣ አረንጓዴውን ያየችው አልቅሳ ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ። ከግድግዳው ወዲህ የደረሰው ግን ምስጋናው ብቻ ነው።

«እትዬ፣ አልሆነም አይባል፣ ሆኗል አይባል» አልኳት። «ተመልሷል።»

ጣቷን ወደ ዓይኗ ጫፍ ወሰደችና ዳሰሰችው። ደረቅ ነበር።

«እንግዲያው እንባዬ አልተነካም» አለች። «ለነገ ይሆነኛል።»

እሑድ ንጋት ላይ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆምኩ። ሼህ ሙሄ በሩን በከዘራቸው ጫፍ ቀስ አድርገው መቱ። እትዬ ሐውለት በእንቅልፍ ልብሷ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከፈተች፤ ይህን ሁሉ ሰው ስታይ ማንም የሚደነግጠውን ያህል ደነገጠች። አንድ እንኳ አልጨመረችም፣ አንድ እንኳ አልቀነሰችም። አስቀመጧት። ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ክንዷን ያዙ። ሼህ ሙሄ ድምፃቸው እየተሰበረ ተናገሩ።

የጸጥታው ቀን አልፎ ነበርና መኪኖቹ ከገራዶ እየወጡ፣ ከተማው እየጮኸ ነበር። የእሷ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ልቅሶ አልሰማሁም። አወልን በጨቅላ ስሙ ጠራችው፣ ጀርባዋን እየመታች፣ እዚህ አዝዬህ አልነበረም ወይ አለችው። የመጀመሪያው እንባ ነበር። ይህን ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ግን እንደ ማንኛውም ሐዘን አየው፣ አብሯትም አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን ተመልሷል። አጠገቧ በርከክ አልኩ። ከሥራ ሌላ የማውቀው ንግግር የጠፋብኝ መሰለኝ።

«እንዴት ነሽ እትዬ?»

«አልሀምዱሊላህ» አለችኝ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስሰማው የዋልኩት ያው ድምፅ ነው፤ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ልዩነት ፈለግሁበት፣ አላገኘሁም። ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ ክፍል፣ ዓለም ላይ የቀረው ይህ ቃል ብቻ ነው። እጇን ሳምኩና ከሰዎቹ መሐል ቦታ ፈልጌ ተቀመጥኩ።